ባዶ ገንዳ ፊት ለፊት ሁለት ሰዓት

ጋሼ «እዚህ ጋ አጥፋው» አሉኝ። ሞተሩን አጠፋሁት።

ከመንገዱ ሃምሳ እርምጃ ገባ ብሎ በነፋስ የሚሠራ የውሃ መሳቢያ ቆሟል። ረጅም የብረት ማማ ነው፤ አናቱ ላይ ነፋስ ሲመጣ የሚዞር ክብ ነገር አለው። ከሥሩ ክብ የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ፣ ከማጠራቀሚያው አጠገብ ደግሞ ዝቅ ያለ ገንዳ። ጊዜው ነሐሴ መጨረሻ ነው። ለእኛ ነሐሴ የጭቃና የጃንጥላ ወር ነው፤ ደቡብ አፍሪካ፣ ክሩገር ፓርክ ውስጥ ግን የበጋው ጫፍ። ሳሩ ገለባ ሆኗል፤ ከዛፉ ላይ የቀረው ቅጠል ይቆጠራል። «ውሃ ካለ እንስሳ አለ» ብለን ቴርሞሳችንን ከፍተን ቁጭ አልን።

በአንደኛው ሰዓት የመጣው አንድ ከርከሮ ብቻ ነው። ገንዳውን አሸተተ፣ ቀና ብሎ አየን፣ ከዚያ ጭራውን አቁሞ እየሮጠ ሄደ። በሁለተኛው ሰዓት ማንም የለም። ባይኖኩላሩን አነሳሁና ገንዳውን በደንብ አየሁት። ደረቅ ቅጠልና የወፍ ኩስ። ማማው ላይ ያሉት ቆርቆሮዎች ግማሾቹ ወልቀዋል።

እኔ ተናደድኩ። ይህን ሁሉ መንገድ ነድተን፣ መግቢያ ከፍለን፣ አንድ ቧንቧ የሚጠግን ሰው ይጠፋል? «ይሄ'ኮ ቸልተኝነት ነው!» አልኩ። ጋሼ ዝም አሉ። እሳቸው ገንዳውን ትተው ሳሩን ነበር የሚያዩት።

«ሳሩ ግን አልተበላም» አሉ ቆይተው።

ነገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነበር። ያኔ ግን ጆሮዬ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ጡረታ እስኪወጡ ቦረና ውስጥ ብዙ ዓመት አስተምረዋል። እኔ ደግሞ ጆሃንስበርግ ሱቅ ውስጥ ስቆም ዕድሜዬ እየሄደ ያለ ሰው ነኝ። ሊጠይቁኝ መጡ። «ምን ላሳይዎት?» ስላቸው «ሕንጻ እንዳታሳየኝ» አሉ። በቃ፣ ትንሽ መኪና ተከራየንና በደቡቡ በር፣ ክሮኮዳይል ብሪጅ በሚባለው ገባን።

ክሩገር ትልቅ ነው። ከደቡብ እስከ ሰሜን 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ ስፋቱ 20 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አስፋልቱ ብቻ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፒስታው ከዚያም ይበልጣል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ቁጥራቸው በ«ኤች» ይጀምራል፣ የውስጦቹ በ«ኤስ»። አስፋልት ላይ በሰዓት ከ50፣ ፒስታ ላይ ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ አይነዳም። በጆሃንስበርግ ነጂ እግር 40 ማለት ቅጣት ነው። መጀመሪያ ቀን ጥርሴን ነክሼ ነዳሁ። በሁለተኛው ቀን 40 ራሱ ፈጣን መስሎ ታየኝ፤ በ20 መንዳት ጀመርኩ። ጋሼ «አሁን ሰው ሆንክ» አሉኝ።

ከመኪና መውረድ ክልክል ነው። የሚፈቀደው በታወቁ ቦታዎች ብቻ ነው፤ አንዳንድ ትልልቅ ድልድዮች ላይ ለምሳሌ በተሰመረው መስመር መሃል ወርዶ እግርን ማፍታታት ይቻላል። ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ ካምፕ ግቢ ውስጥ መሆን አለብህ። ከዘገየህ ይቀጡሃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይንህ ጫካው ላይ፣ አንዱ ሰዓቱ ላይ ነው።

መንገዱን ራሱን ማየት የጀመርኩት በዚህ ዝግታ ነው። መንገዱ የሰው ብቻ አይደለም። ንጋት ላይ አንበሶች መሃል አስፋልቱን ይዘው ይሄዳሉ፤ ጤዛ የያዘ ሳር ውስጥ ከመርጠብ ደረቅ መንገድ ይሻላቸዋል። አመሻሽ ላይ ተኩላዎች አስፋልቱ ላይ ይጋደማሉ፤ ጥቁሩ ሬንጅ ቀን የጠጣውን ፀሐይ እስከ ምሽት ይዞ ይቆያል። ትንሽ ካፊያ ከጣለ ደግሞ ውሃው ከአስፋልቱ ላይ ወደ ዳር ይወርዳል። አስፋልት አይጠጣማ። ስለዚህ የመንገዱ ዳር ሳር ቀድሞ ይለመልማል፣ ሳር በሉ እንስሳ ወደዚያ ይመጣል። «ዕድላችን ነው፣ መንገድ ዳር አገኘናቸው» ትላለህ። ዕድል አይደለም፤ መንገዱ ራሱ አብልቶ ያቆያቸው ናቸው።

መንገዶቹ የት እንደሚሄዱም ልብ በል። ካርታውን ጭኔ ላይ ዘርግቼ ሳየው አብዛኞቹ ወይ ወንዝ ይዘው ይሄዳሉ፣ ወይ ከውሃ ወደ ውሃ ያገናኛሉ። ጎብኚ የሚያየው ፓርክ እንግዲህ ይህ ነው፦ የውሃ ዳሩ ፓርክ። ከመንገዱ ማዶ ሰባት ስምንት ኪሎ ሜትር ዘልቆ ያለውን ማን ያየዋል?

እንዲህ ስል የውሃ ዳሩን ማጣጣሌ አይደለም። ሎወር ሳቢ ከሚባለው ካምፕ በር ትንሽ እልፍ ብሎ ሰንሴት ዳም የሚባል ግድብ አለ። መንገዱ ውሃው አፍ ድረስ ይወስድሃል። መጀመሪያ ቀን ማታ እዚያ ቆምን። መስኮቱን ዝቅ አድርገን፣ ከእኛ አሥር ሜትር የማይርቅ ቦታ ላይ አንድ ጉማሬ ተኝቷል። ጀርባው ብቻ ነው ከውሃው በላይ ያለው። ጀርባው ላይ የውሃ ኤሊዎች ተደርድረው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰባት ቆጠርኩ። አንድ ስምንተኛ ከታች ለመውጣት ይታገላል፤ የጉማሬው ቆዳ ያሟልጫል፣ ግማሽ ይወጣል፣ ቦጭ ብሎ ይወድቃል። እንደገና ይሞክራል። ጉማሬው ጆሮውን ያርገበግባል እንጂ ግድ የለውም። ጋሼ እንደ ኳስ ጨዋታ ነው ያዩት። በአራተኛው ሙከራ ሲወጣ እጃቸውን አጨበጨቡ። በዚህ ጊዜ ከኋላችን አንበሳ ታይቷል ተባለና መኪናው ሁሉ እየተንጋጋ ሄደ። እኛ ኤሊያችንን ይዘን ቀረን።

ወደ ባዶው ገንዳ ልመለስ። ይህ በሦስተኛው ቀን፣ ሳታራ ከሚባለው ካምፕ ወጥተን በምሥራቁ ሜዳ ስንዞር የሆነ ነው። የዚያን ዕለት ማታ ፓርኩ በራሱ ትልቅ ክፍት መኪና የሚያስኬደው የሌሊት ጉብኝት ላይ ነበርን። አስጎብኚው የፓርኩ ሰው ነው፤ ቀልደኛ፣ ብርድ የማይሰማው። ስለ ገንዳው አማረርኩለት። መቼ ነው የሚጠገነው አልኩት።

«አልተበላሸም» አለኝ። «ዘጋነው።»

ከዚያ በኋላ ስለ እንስሳቱ መስማቴን ተውኩ፤ ስለ ውሃው ብቻ ጠየቅኩት። ቤት ተመልሼም ለሳምንታት ስለዚሁ ሳነብ ከረምኩ። ታሪኩ እንዲህ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ቦታው መጀመሪያ የተከለለው በ1898 ነው፤ ያኔ ትንሽ ነበር፣ ሳቢ ይባል ነበር። በ1902 ጄምስ ስቲቨንሰን ሃሚልተን የሚባል ስኮትላንዳዊ ወታደር ኃላፊ ሆኖ መጣና እስከ 1946 እዚያው ከረመ። በ1926 ብሔራዊ ፓርክ ሆነ። በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1927፣ የመጀመሪያዎቹ ጎብኚዎች በመኪና ገቡ። በዓመት ሦስት መኪና! ዛሬ አንድ አንበሳ ብቻውን ከዚያ አምስት እጥፍ ያሰልፋል።

ጎብኚ ሲመጣ መንገድ ተሠራ። በ1930ዎቹ ድርቅ ሲደጋገም ደግሞ ጉድጓድ መቆፈር ተጀመረ። ሐሳቡ ክፋት የለበትም። እንስሳ በጥም ሲወድቅ እያየህ ዝም ትላለህ? ሰው ከኪሱ አዋጥቶ ጭምር ተቆፈረ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ በምዕራቡ ወሰን አጥር ታጠረ፤ ምክንያቱ የአፍና የእግር በሽታ ከጎሽ ወደ ከብት እንዳይተላለፍ ነው። አጥሩ ግን በበጋ ወደ ምዕራብ ይሄዱ የነበሩትን መንጋዎች መንገድ ቆረጠ። ወደ ውሃቸው እንዳይሄዱ ካጠርክባቸው ውሃውን ልታመጣላቸው ነው። ስለዚህ ቁፋሮው ቀጠለ። በመጨረሻ ከ300 በላይ ጉድጓድና ሃምሳ ያህል ግድብ ተሠራ። ያ ሰው ያልነካው የሚመስለው ጫካ ከሥሩ በቧንቧ የተያዘ ነበር።

ከዚያ የሮአኖቹ ነገር መጣ።

ሮአን ፈረስ የሚያክል የዱር እንስሳ ነው። ቀንዱ ወደ ኋላ የታጠፈ፣ ጆሮው ረጅም፣ ፊቱ ጥቁርና ነጭ ጭንብል ያጠለቀ የሚመስል። በእኛም አገር በጋምቤላ በኩል አለ። ክሩገር ውስጥ የሚኖረው በሰሜኑ ደረቅ ሜዳ ላይ ነበር። ብዙ አይደለም፣ አይቀላቀልም፣ ረጅም ሳር ይወዳል። ያ ሜዳ ውሃ ስለሌለው ሌላው እንስሳ አይመጣበትም። ለሮአን ያ ሜዳ ጸጥ ያለ ሰፈር ነበር በለው።

እዚያም ተቆፈረ። ለሮአኖቹ ታስቦ ጭምር። ታዲያ ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የመጡት የሜዳ አህዮች ናቸው። የሜዳ አህያ በየቀኑ ለማለት በሚቻል ደረጃ መጠጣት አለበት፤ ስለዚህ ከውሃ ብዙ አይርቅም። ውሃ በየቦታው ካለ ግን በየቦታው ይሆናል። ሳሩን አጨዱት። የሜዳ አህያ ባለበት ደግሞ አንበሳ አለ። ድሮ ያ ሜዳ ለአንበሳ የሚያዋጣ ቦታ አልነበረም፤ አሁን ግን ቀለቡ ራሱ ሰፈር ድረስ መጥቷል። አንበሳው የሚያድነው የሜዳ አህያውን ነው፤ መንገድ ላይ ሮአን ካገኘ ግን አይምርም። የሮአን ግልገል የሚደበቅበት ረጅም ሳርም የለም። በላዩ ላይ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከባድ ድርቅ መጣ። በ1986 450 ያህል የነበሩት ሮአኖች በ1993 45 ያህል ቀሩ።

ይህን ቁጥር ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆየሁ። በውሃ የሞተ እንስሳ አስበው። ሰምጦ አይደለም። ውሃ ስለተሰጠው።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው እንግዲህ መዝጋት የተጀመረው። በየጊዜው አንዳንድ መሳቢያ ተዘጋ፣ አንዳንድ ግድብ ፈረሰ። ዛሬ ከድሮዎቹ ብዙዎቹ የሉም። ሮአኖቹ ግን ውሃው ሲዘጋ ወዲያው አልተመለሱም። ቁጥራቸው ዛሬም ትንሽ ነው። በ2015 እና በ2016 እንደገና ድርቅ ሲመጣ ጉማሬና ጎሽ በብዛት ሞተ፤ ሰዉም «ውሃው ይከፈት!» ብሎ ጮኸ። እኔ ያኔ እዚያ ብኖር አብሬ እጮህ ነበር፣ አልክድም። ከንፈሩ የተሰነጠቀ ጎሽ እያየህ ስለ ሳር ማውራት ከባድ ነው።

የዝሆኑን ጉዳይ በአጭሩ ልለፈው፤ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ዝሆን በቀን ከመቶ ሊትር በላይ ሊጠጣ ይችላል። የውሃ ነጥቦች በተጠጋጉ ቁጥር ዝሆን የማይደርስበት ዛፍ ይጠፋል። ገንዳ ዙሪያ ብትቆም ታየዋለህ፤ መሬቱ እንደ አውድማ ተረግጦ ነጥቷል፣ ከዚያ ወዲያ የተሰበረ ቁጥቋጦ፣ ከዚያ ወዲያ ነው ደህና ሳር የሚጀምረው። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ብቀር ይቆጨኛል። ውሃ ባለው አንድ ሌላ ቦታ አንድ ትልቅ ወንድ ዝሆን አየን። ገንዳው ሞልቶ ነበር፤ ሌሎች እየጠጡበት ነው። እሱ ግን ገንዳውን በንቀት አልፎት ሄደ። ከሱ አገጭ ከፍ ወዳለው የሲሚንቶ ማጠራቀሚያ ተጠግቶ ኩምቢውን በጠርዙ ላይ አሻግሮ ወደ ውስጥ ሰደደው። ንጹሑን ውሃ ከምንጩ። ጋሼ «ይሄ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው» አሉ።

ወደ ገንዳው ወሬ ልመለስ፤ አስጎብኚው የነገረኝን በማግስቱ ቁርስ ላይ ለጋሼ ሙሉውን ተረጎምኩላቸው። እንግሊዝኛቸው ደህና ነው፤ የዚያን ሰውዬ ፍጥነት ግን አልቻሉትም ነበር። ይደነቃሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። እሳቸው ዳቧቸውን ሻይ ውስጥ እየነከሩ «ታዲያስ!» አሉ፣ የታወቀ ነገር እንደነገርኳቸው።

«ቦረና ብትሄድ ሕፃን ልጅ ይነግርህ ነበር» አሉኝ። ቱላ የሚባሉትን ጥልቅ ጉድጓዶች ታውቃለህ አሉ። ሰው ከላይ እስከ ታች ተሰልፎ፣ እየዘፈነ፣ ባልዲ እየተቀባበለ ነው ውሃውን የሚያወጣው። ጉድጓዱ ባለቤት አለው። የትኛው መንጋ መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስጠብቅ ሰው አለ፤ አባ ሄሬጋ ይባላል። ማንም ከብቱን ነድቶ መጥቶ አፉን አይነክርም።

«ዝናብ ሲጥል ምን ያደርጋሉ መሰለህ? ጉድጓዱን ይዘጉታል። ውሃው አልቆ አይደለም። ከብቱ ወደ ኩሬው ይሂድ፣ እዚህ ያለው ሳር ይረፍ ብለው ነው። ውሃ እዚህ አፈሰስክ ማለት ከብቱን እዚህ ጠራኸው ማለት ነው። ከጠራኸው ደግሞ ሳሩን ተሰናበተው።»

«ታዲያ ትናንት ለምን አልነገሩኝም?»

«ነገርኩህ'ኮ። ሳሩ አልተበላም አልኩህ።»

ምን ይባላል?

አንድ ነገር ግን በልቤ ቀረ። ቦረና ውስጥ ውሃው የሚዘጋውም የሚከፈተውም እዚያው በሚኖር ሰው ነው። እዚህ ሰዉ ራሱ እንዲወጣ ተደርጓል። የፓርኩ ዋና ካምፕ ስኩኩዛ ይባላል። ይህ በጾንጋ ቋንቋ ለስቲቨንሰን ሃሚልተን የወጣ ስም ነው፤ ጠርጎ የሚያስወጣ እንደማለት። ሲመጣ እዚያ ይኖሩ የነበሩትን ሰዎች ስላስወጣ ነው ይላሉ። በስተ ሰሜን ጫፍ፣ ሉቩቩ የሚባለው ወንዝ ከሊምፖፖ በሚገናኝበት፣ የማኩሌኬ ሕዝብ ይኖር ነበር። በ1969 ተነቅለው ወጡ፣ መሬቱ ወደ ፓርኩ ተቀላቀለ። አፓርታይድ ከወደቀ በኋላ ተከራክረው በ1998 መሬታቸው ተመለሰላቸው። ተመልሰው ሊያርሱበት ግን አልመረጡም፤ የፓርኩ አካል ሆኖ እንዲቀጥል ተስማምተው በባለቤትነት ይጠቀሙበታል። ሁለት ወንዝ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ተቀምጦ የኖረ ሰው ስለ ውሃና ስለ ሳር ምንም አያውቅም ነበር ብሎ ማሰብ ይከብደኛል። ጉድጓድ ሲቆፈር የጠየቃቸው አለ ወይ?

በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ ኤስ 39 የሚባለውን ፒስታ ይዘን በቲምባቫቲ ወንዝ ዳር ሄድን። ወንዝ ስል ቦዩን ማለቴ ነው። ውሃ የለበትም። ሰፊ፣ ነጭ፣ አሸዋ ብቻ። መኪናም የለም። ኮረኮንቹ ጥርስ ያንገጫግጫል። ጋሼ «ቀስ» እያሉኝ፣ እኔም ቀስ እያልኩ፣ አንድ መታጠፊያ ላይ አሸዋው መሃል የቆመች ዝሆን አየን። ግልገሏ ከሆዷ ሥር ነው።

እየቆፈረች ነበር። በፊት እግሯ አሸዋውን ትጭራለች፣ በኩምቢዋ ትዝቃለች፣ ወደ ጎን ትጥላለች። አትቸኩልም። ጉድጓዱ ኩምቢዋን እስኪውጥ ድረስ ወረደች። ከዚያ ቆመች፤ ዝም ብላ ቆመች። አሸዋው ከሥሩ ያቆየውን ውሃ እስኪያጠራቅም እየጠበቀች መሆኑን የነገሩኝ ጋሼ ናቸው። የመጀመሪያውን ጠባ አድርጋ ተፋችው፤ ድፍርስ ነው መሰለኝ። ሁለተኛውን ጠጣች። ግልገሏ ኩምቢውን ሊሰድ ሞከረ፣ አልደረሰለትም፤ ተንበርክኮ ጭንቅላቱን ነከረ። ሲነሳ ፊቱ ሁሉ አሸዋ ነው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሄዱ። እኔ ቁልፉን ላዞር ስል ጋሼ እጄን ያዙኝ። ከማዶ ሁለት ጅግራዎች እየተንደረደሩ መጥተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሙ፣ ወደ ውስጥ ገቡ። ከኋላቸው፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር፣ የዝንጀሮ መንጋ ተቀምጦ ይጠብቃል። ትልቁ ወንድ ከፊት ነው። አልተጋፋም።

ሰዓቴን አየሁ። 11 ከሩብ። ካምፑ ድረስ በ40 ፍጥነት ለመድረስ ጊዜ የለንም።

«ጋሼ፣ ይቀጡናል።»

«ይቅጡን» አሉ፣ ዓይናቸውን ከአሸዋው ሳይነቅሉ። «ከዝንጀሮዎቹ ቀጥሎ የማን ተራ እንደሆነ ልይ።»